«ልጄ ወታደር አሳሪ ሆነ?»፦ ስለ ወታደራዊ ፖሊስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ሲና ነው። የጠያቂዋ ታናሽ ወንድም መከላከያ ገብቷል። በቅርቡ ወታደራዊ ፖሊስ ሆኖ መመደቡን ደውሎ ነገራቸው። እናት «ተመስገን፣ ከግንባር ራቀልኝ» ብለው ደስ አላቸው። አባት ግን ተቆጡ። በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር የተሰለፉ ሰው ናቸው። «ልጄ ወታደር አሳሪ ሆነ? ከኋላ ቆሞ የሚሸሽ ሊለቅም ነው?» አሉ። ጠያቂዋ የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው። ወታደራዊ ፖሊስ ከየት መጣ? ሥራውስ በትክክል ምንድን ነው? እኛን ሲቪሎቹንስ ማሰር ይችላል ወይ?

ልጄ፣ እኔ በሠራዊቱ ውስጥ በሕግ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ደብረ ብርሃን የምኖር ሰው ነኝ። አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ፖለቲካው እዚህ አልጽፍም። የተጠየቅኩት ስለ ሙያው ነውና ስለ ሙያው ልመልስልሽ።

አጭሩ መልስ ይኼ ነው። ወታደራዊ ፖሊስ የሠራዊቱ የራሱ ሕግ አስከባሪ ነው። ወታደር ሲያጠፋ ይይዛል፣ ይመረምራል። የሠራዊቱን ጉዞ በመንገድ ላይ ይመራል። ምርኮኛ ይረከባል። ካምፕና ንብረት ይጠብቃል። ረጅሙ መልስ ግን የሚጀምረው ከባላገሩ ጓዳ ነው።

በድሮው ጊዜ የአገራችን ሠራዊት መደበኛ ደሞዝ አልነበረውም። ዘመቻ ሲሆን ወታደሩ በየደረሰበት ገበሬ ቤት ይሰፍራል። ሚስትየዋ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ትጠምቃለች። ዶሮው ያልቃል፣ በጉ ይታረዳል። ለበቅሎውም ገብስ ይፈለጋል። ወታደሩ «ጠላው ቀጠነ» ብሎ ከተቆጣ ደግሞ ዱላም አለ። መንዝም ይሁን ቡልጋ፣ ጅሩም ይሁን ይፋት፣ ይህን ያልቀመሰ አገር የለም። ለገበሬው የጠላት ጦርና የገዛ ንጉሡ ጦር የሚለዩት በነጋሪታቸው እንጂ ጎተራው ላይ በሚያደርሱት አልነበረም።

ይህን ለመለወጥ ከሞከሩት አንዱ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ሸዋን በ1848 ዓ.ም. የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ዋና ከተማችን አንኮበር ነበረች። ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴው እንዲነግድ አወጁ። ወታደሩ በዘረፋ ሳይሆን በደሞዝ እንዲኖርም ፈለጉ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ግን ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። ግብር የሚገባላቸው አገር እያነሰ ሲሄድ ሠራዊታቸው ተመልሶ ወደ ዘረፋው ገባ። በ1859 ዓ.ም. የተዘረፈችው ጎንደር ናት፣ ያውም በራሳቸው ጦር። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር ግልጽ ነው። ንጉሡ ራሱ ዘረፋን ቢጠላ እንኳ፣ ስንቅና ደሞዝ ከሌለ ወታደሩን ከገበሬው ቤት የሚያስወጣ ኃይል የለም።

አፄ ምኒልክ ነገሩን በሌላ በኩል ያዙት። ከክፉ ቀን በኋላ፣ በ1885 ዓ.ም. ገደማ፣ ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆን አሥራት ጣሉ። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ይሰጣል፤ በምላሹ ወታደር ቤቱ አይሰፍርበትም። በተግባር ሁሉም ቦታ ተከብሯል ማለቴ አይደለም። ሆኖም ወታደሩን ከባላገሩ ለመለየት በር የከፈተው ይኼ ነው፤ የግብር አዋጅ እንጂ ዘበኛ አልነበረም።

የቀረ ወታደርን መቅጣትም አዲስ ነገር አይደለም። የአድዋውን ክተት አባትሽ በቃላቸው ሳይዙት አይቀሩም። ምኒልክ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ እንዲገናኛቸው ካዘዙ በኋላ፣ ወስልቶ ለሚቀረው ምን አሉ? «አልተውህም፤ ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም» ነው ያሉት። ያኔ ግን ይህን የሚያስፈጽም የተለየ ክፍል አልነበረም። አዛዡ ራሱ ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ቀጪም ነበር።

ሌላው ዓለም የተለየ ክፍል ማቋቋም የጀመረው በዚሁ ዓይነት ችግር ተገፍቶ ነው። የአሜሪካው ጆርጅ ዋሽንግተን ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ እ.ኤ.አ. በ1778 አንድ የፈረሰኛ ቡድን አቋቋመ። ስሙንም አሠራሩንም ከፈረንሳዮች ነው የወሰደው። ሥራቸው በሰፈሩ ዙሪያ መዞር፣ ከሰልፍ የተንጠባጠበውን መሰብሰብ፣ የከዳውን መያዝ ነበር። ለወታደሩ መጠጥ የሚሸጡትን መቆጣጠርም ነበረበት። (የደብረ ብርሃን አረቄን የሚያውቅ ሰው ይህ የመጨረሻው ሥራ ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል።)

ከሁሉም ይበልጥ ነገሩን የሚያሳየው ግን የስፔኑ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1813 የእንግሊዙ ጄኔራል ዌሊንግተን ቪቶሪያ በምትባል ከተማ የፈረንሳይን ጦር ድል አደረገ። ፈረንሳዮች በስፔን ያነገሡት የናፖሊዮን ወንድም ጆሴፍ ሲሸሽ ጓዙንም ግምጃ ቤቱንም ጥሎ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች ማሳደዱን ትተው ወርቅና ብር ላይ ተረባረቡ። የተሸነፈው ጦር በሰላም አመለጠ። ዌሊንግተን በንዴት የገዛ ወታደሮቹን ክፉኛ ሰደበ። በዚያው ዓመት ዲሲፕሊን የሚያስከብር የፈረሰኛ ክፍል ተቋቋመለት። እንግሊዞች ቋሚ ወታደራዊ ፖሊስ የኖራቸው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በፈረስ የሚዞረው እ.ኤ.አ. በ1877፣ በእግር የሚዞረው በ1885 ተቋቋመ። በ1926 ሁለቱ አንድ ሆኑ። ቀይ ቆባቸው እስከ ዛሬ ይታወቃል።

ጣሊያኖች ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1814 ቶሪኖ ውስጥ ካራቢኔሪን መሠረቱ። ካራቢኔሪ ወታደሩንም ሲቪሉንም በአንድ ላይ የሚጠብቅ ኃይል ነው። በወረራው ጊዜ አገራችን የገባው ይኼው ነው። የሸዋ ሽማግሌዎች ካራቢኔሪ የሚለውን ስም የሚያነሱት በበጎ አይደለም፤ ምክንያቱንም መዘርዘር አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወራሪው ጦርና ሕዝቡን የሚቆጣጠረው ፖሊስ አንድ አካል ሲሆን፣ የተበደለ ሰው በአንዱ ላይ ለሌላው አቤት የሚልበት በር ይዘጋል።

እዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ሰው ሳላነሳ አላልፍም። ራስ አበበ አረጋይ የጅሩ ሰው ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥተው የአርበኞች መሪ ሆኑ። አምስት ዓመት ሙሉ በመንዝና በቡልጋ ሸንተረር አርበኛውን ይዞ መቆየት ቀላል አልነበረም። አርበኛ የሚበላው ገበሬው ካካፈለው ነው። ገበሬው ከጠላህ ደግሞ ማታውኑ ትያዛለህ። ስለዚህ ተከታይን ከዘረፋ መከልከል ለአርበኛ መሪ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር። ከድል በኋላ ራስ አበበ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፣ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ተገደሉ።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሠራዊታችን እንደ አዲስ ሲደራጅ መጀመሪያ እንግሊዞች፣ ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት ወዲህ ደግሞ አሜሪካኖች አሠለጠኑት። ወታደራዊ ፖሊስ በዘመናዊ መልኩ የመጣው ከዚህ አደረጃጀት ጋር ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች «ኤም ፒ» ይሉታል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወታደር ወንጀሎችን በሕግ አንቀጽ አስቀመጠ። ያኔ ነው አዛዡ «እንዳሻኝ» የሚልበት ጊዜ ቢያንስ በወረቀት ላይ ያበቃው።

አሁን ወደ መንገዱ እንሂድ። ሰው ወታደራዊ ፖሊስ ሲባል ካቴና ነው የሚታየው። እኔ ግን የዚህ ሙያ ትልቁ ሥራ መንገድ ነው ባይ ነኝ። አንቺ ደግሞ የደብረ ሲና ልጅ ስለሆንሽ ከማንም በላይ ይገባሻል።

ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ አስቢው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በዋናው መንገድ የሚሄደው ሁሉ በዚያ ዋሻ ያልፋል። ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ጥምዝምዝ ነው። ጉም ሲወርድ አሥር ሜትር ፊትሽ አይታይም። አሁን መቶ ኦራል የጭነት መኪና ጥይት፣ ነዳጅና ወታደር ጭኖ በሌሊት ቁልቁል ሲወርድ አስቢ። ከታች ቁስለኛ የያዘ አምቡላንስ ወደ ላይ ይወጣል። በመሃል የአንዱ መኪና ፍሬን ይግላል። ወይም አንድ አይሱዙ ማሽላ እንደጫነ መታጠፊያ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። ማን ይቅደም? የተበላሸውን ማን ያንሳ? ነዳጅ የጫነውና ጥይት የጫነው በስንት ሜትር ይራራቁ? መብራት ይብራ ወይስ ይጥፋ? ይህን የሚወስነው ጄኔራሉ አይደለም። መታጠፊያው ላይ ባትሪ ይዞ የቆመ አንድ አሥር አለቃ ነው። እሱ ከተሳሳተ ሙሉ ክፍለ ጦር ያድርበታል።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ይህን ሁላችሁም አይታችሁታል። ተፈናቃዩ ከነልጁ፣ ከነከብቱ ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። ሠራዊቱ በተቃራኒው ይወርዳል። መንገዱ ያው አንድ ነው። ሕዝቡን መንገድ ዳር ገፍቶ ማሳለፍ ይቻላል፣ ግን ገደል አለ። ሠራዊቱን ማቆምም ይቻላል፣ ግን ግንባር ይጠብቃል። በሙያው «የተፈናቃይ ቁጥጥር» የሚባለው ከባዱ ትምህርት ይኼ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ በሰዓት መከፋፈል ነው፤ ይህን ያህል ሰዓት ለሕዝቡ፣ ይህን ያህል ለጦሩ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ይህን በሌላ ዘዴ ፈቱት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1944 ጦራቸው ፈረንሳይ ውስጥ በፍጥነት ገሠገሠ። ነዳጅና ጥይት ሊደርስለት አልቻለም፤ ባቡሩ ተሰባብሯል። ሁለት ትይዩ መንገዶች መረጡ፣ አንዱን ለመሄጃ፣ አንዱን ለመመለሻ ብቻ። ሲቪል መኪና እንዳይገባ ዘጉት። በየመገናኛው ወታደራዊ ፖሊስ አቆሙ። በአንድ ቀን ወደ 6000 የሚጠጉ መኪናዎች ከ12 ሺህ ቶን በላይ ያደረሱበት ጊዜ አለ። ሾፌሮቹ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ሌሊትና ቀን ነው የነዱት። ሥራው እስከ ኅዳር ቀጠለ። እኛ ጣርማ በር ላይ ሁለተኛ መንገድ የለንም። ያለን ሰዓትና መታጠፊያ ላይ የሚቆመው ልጅ ነው።

ለእናትሽም አንድ ነገር ልበል። «ከግንባር ራቀ» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ጥር 1968 ሳይጎን የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በሌሊት ሲጠቃ፣ የሞቱት አምስት አሜሪካውያን ናቸው። አራቱ ወታደራዊ ፖሊሶች ነበሩ። መንገድና ድልድይ የሚጠብቅ ሰው ጠላት መጀመሪያ የሚፈልገው ሰው ነው። ላስፈራቸው አይደለም፤ ጸሎታቸውን እንዳይቀንሱ ነው።

ምርኮኛን በተመለከተ አጭር ልሁን። በውጊያ የተያዘ ሰው በተዋጊው እጅ ረጅም ጊዜ መቆየት የለበትም። ጓደኛው አጠገቡ የወደቀበት ወታደር ምርኮኛ ለመጠበቅ ትክክለኛው ሰው አይደለም። ስለዚህ ወታደራዊ ፖሊስ ይረከበዋል፣ ይመዘግበዋል፣ ከአደጋው ቀጠና ያወጣዋል። በጄኔቫው ስምምነት ምርኮኛ እንዲናገር የሚገደደው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ገንዘቡ ከተወሰደበት ደረሰኝ ይሰጠዋል። ይህ ሥራ ሲበላሽ ደግሞ በጣም ይበላሻል። ኢራቅ ውስጥ አቡ ግሬብ እስር ቤት እስረኞችን ያዋረዱት ወታደራዊ ፖሊሶች ነበሩ። ፎቶግራፎቹን ለመርማሪዎች ያስረከበውና ነገሩን ያፈነዳውም ከዚያው ክፍል የነበረ አንድ ወታደራዊ ፖሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም ሁሉ አየው።

ማሰር ይችላል ወይ ላልሽው፦ ወታደርን አዎ፣ ሲቪልን በመደበኛው አሠራር አይደለም። የወታደር ወንጀሎች በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው። መኮብለል፣ ያለ ፈቃድ መቅረት፣ ለአለቃ አለመታዘዝ፣ የዘብ ግዴታን መጣስ ይገኙበታል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አለቃ በበታቹ ላይ ሥልጣኑን አላግባብ ከተጠቀመም እዚያው ክፍል ውስጥ ወንጀል ነው። ወታደራዊ ፖሊሱ ይመረምራል፤ ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፤ ቀዳሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይፈርዳል፤ ቅር ያለው ወደ ይግባኝ ሰሚው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያዡ፣ ከሳሹና ፈራጁ ሦስት የተለያዩ እጆች ናቸው።

አንቺን ወይም ጎረቤትሽን ግን የሚመረምረው መደበኛው ፖሊስ፣ የሚዳኘው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀለኛን ማንም ሰው መያዝ እንደሚችለው ወታደራዊ ፖሊስም ይችላል። ግን ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ይናገራል። ካምፕ በር ላይ ወይም ኬላ ላይ መፈተሽ ሌላ ነገር ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ደግሞ አዋጁ ራሱ ሥልጣኑን ሊያሰፋው ይችላል፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚነበበው አዋጁ ነው።

አሁን አባትሽ። «ከኋላ ቆሞ የሚሸሽ የሚለቅም» ያሉት ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። የጀርመን የጦር ሜዳ ፖሊሶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንገታቸው ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ብረት ያጠልቁ ነበር። የገዛ ወታደሮቻቸው «የሰንሰለት ውሾች» ይሏቸው ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ ወራት የሸሸ ነው ያሉትን ከችሎት በማይቆጠር ችሎት ሰቅለዋል፣ ረሽነዋል። ጦርነቱን ግን አላተረፉትም።

እኛም ዘንድ አለ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ የናቅፋ ግንባር አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የተረሸኑት በጠላት ሳይሆን በገዛ መንግሥታቸው ትእዛዝ ነው። በቀጣዩ ወር የግንባሩ ጦር ማዘዣ የነበረው አፋቤት በጠላት እጅ ወደቀ። አባትሽ በዚያ ዘመን እዚያ ከነበሩ ንዴታቸው ይገባኛል። ጄኔራል እንኳ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ በሚረሸንበት ጦር ውስጥ ተራው ወታደር ከኋላው የቆመን ሁሉ ቢፈራ አይገርምም። ፍርድ ቤት የሌለው ወታደራዊ ፖሊስ ዱላ ነው። ስንቅ የማይደርሰው ሠራዊት ላይ የቆመ ወታደራዊ ፖሊስም ምንም አያመጣም፤ የተራበውን ሁሉ አስሮ አይጨርስም። የቴዎድሮስን ጊዜ ያነሳሁት ለዚህ ነው።

የማልስማማው «ወታደር አሳሪ» የሚለው ላይ ነው። የቡልጋ ገበሬ በሬ በወታደር ሲወሰድበት አቤት የሚልለት ሰው ከሠራዊቱ ውስጥ መኖር አለበት። በአለቃው የተደበደበ ምልምልም የሚሰማው ሰው ይፈልጋል። አባትሽ በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ሰው አጠገባቸው ቢኖር ኖሮ፣ የሚያወሩልሽ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለወንድምሽ ከተግባሩ ሁለት ነገር ንገሪልኝ። የመጀመሪያው፣ የያዘውን ሰው ሁሉ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የወሰደበትን ዕቃ እዚያው ይጻፍ። ማታ ካምፕ ተመልሶ የሚጻፍ ነገር ፍርድ ቤት ላይ ይፈርሳል። ብዙ መዝገብ በዚህ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሁለተኛው፣ ፈቃድ ወጥቶ ቀኑ ያለፈበትን ልጅና ጠፍቶ የኮበለለውን አያምታታ። አንዱ እናቱ ታማበት ወይ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል። ሕጉ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው። በጦርነት ጊዜ መኮብለል እስከ ሞት የሚያስቀጣ ነው፤ መቅረት ግን እንደዚያ አይደለም። የመጀመሪያው ሪፖርት ላይ የምትጻፈው አንዲት ቃል የሰውን ዕድሜ ትወስናለች።

ለእናንተ ለቤተሰብ ደግሞ፦ ወንድምሽ ለበዓል ሲመጣ የፈቃድ ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር ይያዝ። መንገድ ተዘግቶ መመለስ ካልቻለ ቀኑ ሳያልፍ ወደ ክፍሉ ይደውል። የደወለበትን ቀንና ያነጋገረውን ሰው ማዕረግ ይመዝግብ። ከቻለም በአቅራቢያው ላለው የጦር ክፍል ሪፖርት ያድርግ። እናንተን ወታደር ከበደላችሁ ደግሞ የመኪናውን ታርጋ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይዛችሁ ወደዚያው ክፍል አዛዥ ወይም ወታደራዊ ፖሊስ ሂዱ። ለወረዳ ፖሊስም አስመዝግቡ። አቤቱታውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቅጂውም እጃችሁ ላይ ይቅር።